ከባሕር ጅረት ጋር በኮራል ሪፍ ላይ መጥለቅ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሱ

ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ በመኪና የሚደረስበት ባሕር የጅቡቲው ነው። በባብ ኤል መንደብ አጠገብ ያሉት ሰባቱ ወንድማማቾች የሚባሉ ደሴቶች በብርቱ ጅረታቸው ይታወቃሉ፤ የመጥለቅ ኮርስ ያልጨረሰ ሰው አይሞክራቸው።

ከተለመደው መሣሪያ ሌላ 1.5 ሜትር ገደማ የሚረዝም ብርቱካንማ ምልክት ቱቦ፣ 30 ሜትር ገመድ የያዘ መጠቅለያና ፊሽካ ይያዙ። ገመዱን መልቀቅና መጠቅለል እቤት ግቢ ውስጥ ይለማመዱ። ውኃ ውስጥ ከተወሳሰበ መፍቻ ጊዜ የለም።

ለመግባት፣ አየር ሲሞላ የሚያንሳፍፍዎትን የመጥለቂያ ጃኬት አየር አስቀድመው ያውጡ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ምልክት ዘልሎ ወዲያው ይውረድ። የ1 ኖት (በሰዓት አንድ የባሕር ማይል) ጅረት በደቂቃ 30 ሜትር ያህል ይወስዳል፤ ገጽ ላይ አንድ ደቂቃ የቆየ ሰው ቡድኑን አያገኝም።

ከታች ጅረቱን አይታገሉ፤ እግርዎን ለአቅጣጫ ብቻ ያንቀሳቅሱ። ከጓደኛዎ ከ2 እስከ 3 ሜትር በላይ አይራቁ። ጅረቱ ሪፉ (የኮራሉ ዓለት) አጠገብ ይለዝባል፤ ኮራሉን ግን አይጨብጡ፣ ይሰበራል፤ የሚያቃጥልም አለ። የትንፋሽዎ አረፋ ወደ ታች ሲሄድ ካዩ ጅረቱ ቁልቁል እየጎተተዎት ነው። ያኔ ሽቅብ ከመታገል ከሪፉ ግድግዳ ርቀው ወደ ጎን ይዋኙ። ጃኬቱ ላይ አየር ከጨመሩ፣ ጅረቱ ሲለቅዎት ቶሎ ያስወጡት፤ አለዚያ እንደ ቡሽ ይወረወራሉ።

የጋን አየርዎ 70 ባር (የግፊት መለኪያ) ሲደርስ ለመሪው ያመልክቱ። አወጣጡ በደቂቃ ከ9 ሜትር አይብለጥ፤ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ይቆዩ። ጀልባው እንዲያይዎት ቱቦውን ነፍተው ይልቀቁ፣ ገመዱም ይወጠር፤ ካላላ ቱቦው ይጋደማል። መጠቅለያውን በእጅ ይያዙ እንጂ ሰውነትዎ ላይ አይሰሩት፤ ጀልባ ቢጠልፈው ይዞዎት ይሄዳል።

የደሴ ሰው በብዛት የሚስተው ግን የመልስ ጉዞውን ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናቸው። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ጋር እንዲመጣጠን ነው የሚደረገው፤ ስለዚህ ደሴ መውጣት ለሰውነት ከመብረር አይተናነስም። ጥልቀት ላይ ወደ ሰውነት የገባው ናይትሮጅን ሳይወጣ ከፍታ ላይ ከተወጣ አረፋ ይሠራል። ከበረራ በፊት የተለመደው ትንሹ የመቆያ ጊዜ ከአንድ መጥለቅ በኋላ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ 18 ሰዓት ነው። ለዚህ ዳገት ግን 24 ሰዓት ይሻላል፤ የሚጠብቁትም ጅቡቲ ከተማ፣ ባሕሩ ጠረፍ ላይ ይሁን። መንገዱ ከተማዋን ለቆ ብዙም ሳይርቅ ከፍ ማለት ይጀምራል።

ባቲ ላይ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ማዞር ከተሰማ የድካም ነው ብለው ዳገቱን አይቀጥሉ። ኦክስጅን ይፈልጉ፣ ወደ ቆላው ይመለሱ፣ ለሐኪሙም መጥለቅዎን ይንገሩት።