በመተግበሪያ በሚጠሩ ታክሲዎች የዋጋ ፉክክር ውስጥ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ብዙ አሽከርካሪዎች ከአንድ በላይ መተግበሪያ ከፍተው ይሠራሉ፤ ቀድሞ የመጣውን ጥሪ ወይም የተሻለ የሚከፍለውን ያነሳሉ። ተሳፋሪውም እንዲሁ ዋጋ አወዳድሮ ይጠራል። ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው መዛወር ይህን ያህል ቀላል በመሆኑ በዚህ ገበያ የሚፈጸሙት የዋጋ ስህተቶች ከሌላው ንግድ ይልቅ ፈጥነው ያከስራሉ።

የመጀመሪያው ስህተት በድጎማ የመጣ ደንበኛ ድጎማው ሲቆምም ይቆያል ብሎ ማመን ነው። የአሜሪካው ኡበርና የቻይናው ዲዲ የተባሉት የታክሲ መጥሪያ ድርጅቶች በቻይና በተፎካከሩባቸው ዓመታት ለተሳፋሪው ቅናሽ፣ ለአሽከርካሪው ጉርሻ እየጨመሩ ገንዘባቸውን አፍስሰዋል። ኡበር በዚያች አገር ብቻ በዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይከስር እንደነበር የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ትራቪስ ካላኒክ በይፋ ተናግረዋል። ጉርሻው እየጎላ ሲሄድ አንዳንድ አሽከርካሪዎች በሌላ ስልክ ራሳቸውን እየጠሩ፣ ማንንም ሳይጭኑ የጉዞ ሒሳብ መቀበል ጀመሩ። ኡበር እ.ኤ.አ. በ2016 የቻይና ሥራውን ለዲዲ አስረክቦ በምትኩ የባለቤትነት ድርሻ ይዞ ወጣ። ቅናሽ አዲስ ሰው አገልግሎቱን እንዲሞክር ለመጋበዝ ይጠቅማል፤ የሚያበቃበት ቀን ሳይወሰን ከተጀመረ ግን ተሳፋሪው የቅናሹን ዋጋ እንደ መደበኛ ታሪፍ ስለሚቆጥረው ኋላ ወደ ነበረበት መመለስ በእሱ ዘንድ ጭማሪ ይሆናል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ግን የቅናሹን ሸክም በአሽከርካሪው ላይ መጣል ነው። ለምሳሌ የአንድ ጉዞ ሒሳብ 300 ብር፣ ድርጅቱ ከሒሳቡ የሚቆርጠው ኮሚሽን 15 በመቶ ነው እንበል። ኮሚሽኑ 45 ብር ይሆናል፤ ተሳፋሪው ያለበት ድረስ ባዶውን የተነዳውን መንገድ ጨምሮ ነዳጁ 120 ብር ከፈጀ ለአሽከርካሪው 135 ብር ይተርፈዋል። ድርጅቱ ተፎካካሪውን ለመብለጥ ታሪፉን በ20 በመቶ ቢቀንስ ሒሳቡ 240፣ ኮሚሽኑ 36 ብር ይሆናል፤ ነዳጁ ግን ያው 120 ብር ነው። የሚተርፈው 84 ብር ብቻ ነው። ታሪፉ በአምስተኛ ሲቀንስ የአሽከርካሪው ገቢ ከሲሶ በላይ ወረደ ማለት ነው፤ ያውም የጎማው፣ የዘይቱና የመኪናው እርጅና ገና ሳይታሰብ። እንዲህ ያለ አሽከርካሪ ደውሎ «ወዴት ነው የሚሄዱት?» ብሎ ይጠይቅና መንገዱ ካላዋጣው ጥሪውን ይሰርዛል፤ ወይም መተግበሪያውን ዘግቶ በስምምነት ለመሄድ ይደራደራል። ርካሽ የተባለው ታሪፍ በስክሪኑ ላይ ይቀራል፤ መኪናው ግን አይመጣም። ኃላፊዎች ይህን የሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ አድርገው ሲያዩትና በቅጣት ሊያስተካክሉት ሲሞክሩ እጅግ ያሳዝናል፤ ምክንያቱ ያለው ራሳቸው ባወጡት ታሪፍ ውስጥ ነውና። በሕንድ ቤንጋሉሩ ከተማ የተጀመረው ናማ ያትሪ የተባለው የታክሲ መጥሪያ መተግበሪያ ግን ከየጉዞው ኮሚሽን ከመቁረጥ ይልቅ ከአሽከርካሪው አነስተኛ ቋሚ ክፍያ የመቀበልን መንገድ መርጧል።

ገበያውን በአገር ደረጃ መለካትም ያሳስታል። ቦሌ ላይ ቆሞ ለሚጠራ ሰው ሐዋሳ ያሉት መኪኖች ምንም አይጠቅሙትም፤ ፉክክሩም ታሪፉም በየከተማው፣ አንዳንዴም በየሰፈሩ ነው የሚታየው።

ተፎካካሪ ሲወጣ ዋጋን እንደልብ መጨመር ይቻላል የሚለው ግምት ደግሞ ሲንጋፖር ውስጥ ተፈትኗል። ግራብ የተባለው የታክሲ መጥሪያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የኡበርን የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሥራ ከጠቀለለ በኋላ ተሳፋሪዎች በተግባር የሚከፍሉት ዋጋ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጨመሩን የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን አረጋገጠ። በሁለቱም ድርጅቶች ላይ በድምሩ ከ13 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር በላይ ቅጣት ጣለ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ጎጄክ የተባለ ሌላ ተፎካካሪ ወደ ከተማዋ ገባ።

በመጨረሻም ፍላጎት ሲበዛ ዋጋ የሚጨምረውን ስሌት ያለ ገደብ መተው አለ። በዝናብ ወይም በሥራ መውጫ ሰዓት ጭማሪው ተገቢ ነው፤ አሽከርካሪዎችን ወደ ተጨናነቀው አካባቢ ይስባል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በሲድኒ አንድ ታጣቂ በካፌ ውስጥ ሰዎችን ባገተ ጊዜ ግን ከአካባቢው ለመሸሽ የጠሩ ሰዎች በኡበር ዝቅተኛው ክፍያ 100 የአውስትራሊያ ዶላር ደርሶ አገኙት። ድርጅቱ በብርቱ ከተወቀሰ በኋላ ጉዞውን ነጻ አደረገ፤ ለከፈሉትም ገንዘባቸውን መለሰ። ስለዚህ የጭማሪው ጣሪያ አስቀድሞ ሊወሰንና ተሳፋሪው ጥሪውን ከማረጋገጡ በፊት በግልጽ ሊታየው ይገባል፤ በአደጋ ጊዜም ስሌቱን ወዲያውኑ የማቆም ሥልጣን ያለው ተረኛ ሠራተኛ ሌሊትም ቢሆን መኖር አለበት።