ዋሽንግተን ሲሏችሁ አሜሪካ እንዳይመስላችሁ

ለእረፍት ባሕር ዳር ከመጣሁ ወዲህ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ አንድ ዓሣ በሰላም መብላት አልቻልኩም። «ዋሽንግተን የገባው ልጃችን ሥራ ከየት ያግኝ?» ነው ሁሉም። አንዷ እናትማ ዲሲ ላለ ዘመዳቸው ደውለው «ልጄን ሄደህ እየው» ብለውታል።

ይሄኛው ዋሽንግተን ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰንደርላንድ አጠገብ ነው። የጆርጅ ዋሽንግተን ቤተሰብ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ድሮ የድንጋይ ከሰል አገር ነበር። ኤፍ የሚባለው ጉድጓድ በ1968 ተዘጋ፣ ማሽኑ ዛሬ ሙዚየም ነው። ሰንደርላንድ ውስጥ ደግሞ በ1993 የተዘጋው ጉድጓድ ላይ የኳስ ስታዲየም ሠርተውበታል። አሁን እንጀራው ኒሳን ነው፤ ከ1986 ጀምሮ መኪና ያመርታል፣ ዙሪያውን ዕቃ የሚያቀርቡለት ፋብሪካዎች አሉ። ሽማግሌ ጎረቤት ስለ ጉድጓዱ ሲያወራችሁ አትሰልቹ፤ የእኛ የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኞችም ስለ ማሽናቸው እንዲሁ ናቸው።

አሁን ወደ እኔ ሞኝነት። በገባሁ በሁለተኛው ወር አንድ የአገራችን ሰው «ፋብሪካ አስገባሃለሁ» ብሎ 300 ፓውንድ ተቀበለኝ። አማርኛ ይናገራል፣ በማርያም ይምላል፣ ምን ብዬ ልጠርጥር? ወስዶ ያስመዘገበኝ ማንም በነጻ የሚመዘገብበት ሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ ነው! እዚያ አገር ለፋብሪካ ሥራ አስቀጥራለሁ ብሎ ከሠራተኛ ገንዘብ መቀበል በሕግ የተከለከለ ነው፤ ኤጀንሲው የሚከፈለው ከፋብሪካው ነው። ይህን የሰማሁት ሰውየው ስልኩን ካጠፋ በኋላ። መመዝገብ ደግሞ መቀጠር አይደለም፤ ሲፈልጉ ይጠሯችኋል፣ ካልፈለጉ ሳምንቱን ሙሉ ስልክ ታቅፋችሁ ትውላላችሁ። እኔ ቋሚ ሥራ መስሎኝ ቤት ሁሉ ተከራይቼ ነበር፣ ኪራዩን በብድር ከፈልኩ። አሁንም ይሄን እየነገርኳቸው ለደላላ የሚከፍሉ አሉ፤ ለእነሱ ማዘን ትቻለሁ።

የመሥራት ፈቃድ ያላችሁ ሼር ኮዳችሁን፣ ማለትም ፈቃድ እንዳላችሁ ቀጣሪ የሚያረጋግጥበትን ኮድ፣ ራሳችሁ ከመንግሥት ድረ ገጽ አውጡ። ነጻ ነው፣ 90 ቀን ያገለግላል። ገጹ አንዳንዴ ያናድዳል፤ ቢሆንም የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ።

ቤት ስትፈልጉም ካርታ እያያችሁ። ሜትሮ ባቡሩ ሰንደርላንድ ይገባል፣ ዋሽንግተን ግን አይደርስም። የጠዋት ፈረቃ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሊገባ ይችላል፤ እነሱ 6 ነው የሚሉት፣ ቀትር መስሎት ተኝቶ ያረፈደ ልጅ አውቃለሁ። በዚያ ሰዓት ሰፈራችሁ አውቶቡስ ካለፈ ደህና። ባጃጅ የለም።