የሮኬት ነዳጅ ስታሰሉ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

አዳማ ላይ ፊዚክስ ለማስጠናቸው ልጆች የሮኬት ጥያቄ ስሰጥ ቶሎ የሚመጣው መልስ «ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ነዳጁም እጥፍ ነዋ!» የሚል ነው። የመኪና ርቀት ቢሆን ያስኬዳል፤ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ የሚሄድ ሰው የመሄጃውን እጥፍ ቤንዚን ይቀዳል። ሮኬት ግን መጨረሻ ላይ የሚያቃጥለውን ነዳጅ ጭምር ከመሬት ጀምሮ ተሸክሞ ነው የሚፈጥነው። ነዳጁን የሚሸከም ነዳጅ፣ እሱንም የሚሸከም ሌላ ነዳጅ ይፈልጋል።

ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ በ1903 እ.ኤ.አ. ቀመሩን አሳትሟል። የመነሻው ክብደት ለመጨረሻው ይካፈላል፤ የውጤቱ ናቹራል ሎጋሪዝም (ካልኩሌተር ላይ «ኤልኤን» የሚለው ቁልፍ) ጋዙ ከሞተሩ በሚወጣበት ፍጥነት ይባዛል። የሚገኘው ሮኬቱ የሚጨምረው ፍጥነት ነው። ጋዙ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ይወጣል እንበል። ነዳጁ ሲያልቅ 1 ቶን የሚመዝን ሮኬት በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 1.7 ቶን ነዳጅ ይበቃዋል። ለ6 ኪሎ ሜትር 6.4 ቶን፣ ለ9 ደግሞ 19 ቶን! ካልኩሌተር ላይ በ«ኤልኤን» ፈንታ «ሎግ» ከተጠቀማችሁ ለ6ቱ ኪሎ ሜትር 99 ቶን ይወጣላችኋል። ቁጥሩ እንዲህ ሲያብጥ መጀመሪያ ቁልፉን ጠርጥሩ።

የሞተር ብቃት ብዙ ጊዜ በሰከንድ ይጻፋል፤ ስፔሲፊክ ኢምፐልስ የሚባለው ነው። የአሜሪካ መንኮራኩር የነበረው የስፔስ ሸትል ዋና ሞተር ህዋ ላይ 452 ሰከንድ ገደማ ነበር። ይህ ቁጥር ቀጥታ ቀመሩ ውስጥ አይገባም። በ9.81 ሲባዛ በሰከንድ 4.4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሮኬቱ ከጨረቃ ይነሳል ሲባሉ በጨረቃ ስበት፣ በ1.62 የሚያባዙ አሉ። የሚገርመው ይህን የሚሳሳቱት ጎበዞቹ ናቸው፤ አስበውበት ነው። 9.81 እዚህ መለኪያ መቀየሪያ ብቻ ስለሆነ ሮኬቱ የትም ይሁን አይለወጥም።

ምድርን ዝቅ ብሎ ለመዞር በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። ስሌቱን በዚህ ቁጥር የሠራ ሰው ሮኬቱ ተመልሶ ይወድቅበታል። ስበትና አየር የሚበሉት ስላለ 9.4 ገደማ ያዙ።

ኦክስጅኑንም አትርሱ። ህዋ ላይ አየር የለም፤ በኬሮሲን የሚሠራ ሮኬት ከኬሮሲኑ ከሁለት እጥፍ በላይ የሚመዝን ኦክስጅን ይጭናል። የመጨረሻው ክብደት ሲባልም ሳተላይቱ ብቻ አይደለም፤ ባዶው ታንከርና ሞተሩም አሉበት።

ባለ ብዙ ደረጃ፣ ማለትም ነዳጁ ያለቀበትን ክፍል እየጣለ የሚሄድ ሮኬት ከሆነ ሁሉንም ነዳጅ ደምሮ አንዴ ማስላት አይሆንም። ከላይኛው ደረጃ ጀምሩ። እሱ ከነሙሉ ነዳጁ ለታችኛው ጭነት ነው። የየደረጃውን ፍጥነት ለየብቻ አውጡና ያኔ ደምሩ።