«ከቦሌ ደለስ ስንት ሰዓት ነው?» ለምትሉኝ

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠይቆኛል፤ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ በአየር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደለስ ነው ያልኩት። ቴክሳስ ያለው ዳላስ ሌላ፣ ከተማው አፍንጫ ሥር ያለው ሬገንም ሌላ ነው። ተቀባይ ዘመዳችሁን የተሳሳተ ኤርፖርት አታስቁሙ።

ትኬቱ ላይ 22:00 ተነስቶ 8:00 ይደርሳል የሚል ነገር ታዩና «10 ሰዓት ነው» ትላላችሁ። አይደለም። ዋሽንግተን ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ስለዚህ ልዩነቱ 7 ሲሆን ይህ መንገድ 17 ሰዓት ነው። ደግሞ 22:00 ማለት ከምሽቱ 4 ሰዓት መሆኑን ለሸኚዎቻችሁ ንገሯቸው።

ስትመለሱ ግን 13 ሰዓት ገደማ ይበቃል። ቦሌ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ሰውም ጭነትም ነዳጅም ጢም አድርጎ መነሳት ይከብደዋል፤ ስትመጡም ነፋሱ ከፊት ነው። ለዚህ ነው መንገድ ላይ ነዳጅ የሚቀዳው፤ አየርላንድ ደብሊንም፣ ቶጎ ሎሜም ያረፈባቸው ዓመታት አሉ። መሬት ሲነካ ደርሰናል ብላችሁ ቦርሳ አታውርዱ።

አሁን እኔን ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። በዲቪ ስመጣ መጨረሻዬ ዴንቨር ነበር። ከደለስ ወደ ዴንቨር ያለውን ትኬት 90 ዶላር ስለቀነሰልኝ ለብቻው ገዛሁት። በመሃል ሁለት ሰዓት ተኩል አለኝ። አንድ ወዳጄ «ይበቃሃል» አለኝ፤ እሱ እኮ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው ነው! የፓስፖርት ሰልፉ 50 ደቂቃ ፈጀ። መስኮቱ ጋ ደርሼ ከኤምባሲ የተሰጠኝን የታሸገ ፖስታ ሳቀብል «እዚያ ክፍል ጠብቅ» ተባልኩ። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ቤተሰብ ተራ ይጠብቃል፣ ስልክ መንካት ክልክል ነው። የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ አውሮፕላኔ ሄደ። ስሜ ሲጠራ ሥራው አሻራና ፊርማ ነው፤ አምስት ደቂቃ አልሞላም። ወጥቼ የአየር መንገዱ ባንኮኒ ጋ ስደርስ ልጅቷ ቀና ብላም ሳታየኝ «በሰዓቱ አልቀረብክም፣ ትኬቱ ተቃጥሏል» አለችኝ። አዲሱ 340 ዶላር።

ሻንጣችሁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የመጨረሻ ከተማችሁን ቢልም፣ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ በረገጣችሁት ኤርፖርት አንስታችሁ በጉምሩክ አሳልፋችሁ እንደገና ማስረከብ አለባችሁ። ትኬቱን ከቦሌ እስከ መጨረሻው በአንድ ግዙ፤ ቢያመልጣችሁ በቀጣዩ በረራ የማሳፈሩ ጣጣ የአየር መንገዱ ይሆናል። ለብቻው መግዛት ካለባችሁ አምስት ሰዓት ክፍተት ተዉ። አምስት ሰዓት ወንበር ላይ መቀመጥ የሚያስመርረው ሰው 340 ዶላር ያዘጋጅ።

ስለ ቋንጣ ለጠየቃችሁኝም፦ ሥጋ አይገባም። በርበሬና ሽሮ ይዛችሁ ከሆነ ሲጠይቋችሁ «አለ» በሉ፤ ደብቆ መያዝ ያስቀጣል።