የጉልበት ካርቲሌጅን ቲ2 በ3 ቴስላ ኤምአርአይ መለካት

በድኅረ ዶክትሬት ደረጃ የጉልበት ካርቲሌጅን (የአጥንት ጫፎችን የሚሸፍነውን ለስላሳ ልባስ) በኤምአርአይ ለሚያጠና ተመራማሪ የቲ2 ካርታ ዋና መሣሪያ ነው፤ ቲ2 የኤምአርአይ ሲግናል ምን ያህል ቶሎ እንደሚከስም የሚናገር ጊዜ ነው፣ ካርታው በየፒክሰሉ ያሳየዋል። ከካርቲሌጅ ክብደት ከ65 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። የኮላጅን መረቡ ሲላላ ውሃው እንደልቡ ይንቀሳቀሳል፣ ቲ2ም ይረዝማል። የጤነኛ ካርቲሌጅ ቲ2 በአብዛኛው ከ30 እስከ 60 ሚሊሰከንድ ነው፤ ወደ አጥንቱ ሲጠጋ ያጥራል፣ ወደ ላይኛው ገጽ ሲወጣ ይረዝማል። የሚፈለገው ለውጥ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ ስህተቱን አስቀድሞ መዝጋት ያስፈልጋል።

ተሳታፊው ምስል ከመነሳቱ በፊት እግሩን ዘርግቶ 30 ደቂቃ ያህል ይረፍ። ሩጫና ደረጃ መውጣት ውሃውን ከካርቲሌጁ ጨምቀው ቲ2ን ያሳጥራሉ። ጉልበቱን በኮይሉ (ሲግናሉን በሚቀበለው መሣሪያ) መሃል በስፖንጅ አጽኑት፤ ምን ያህል እንደታጠፈም መዝግቡ። የኮላጅን ክሮች ከማግኔቱ ዋና መስክ ጋር 54.7 ዲግሪ አካባቢ ሲያዘነብሉ ምንም ጉዳት ሳይኖር ቲ2 ይረዝማል። የጭን አጥንት ጫፍ ክብ ስለሆነ ይህ የሚያጋጥምበት ቦታ አይጠፋም። ስለዚህ አንዱን ክፍል ከዚያው ክፍል ጋር ብቻ አወዳድሩ።

ለመነሻ በአሜሪካው ኦስቲኦአርትራይተስ ኢኒሺዬቲቭ (የመገጣጠሚያ መበላሸትን በሚከታተለው ጥናት) የተሠራበት ባለብዙ ኤኮ ስፒን ኤኮ ይበቃል፤ ይህ ከአንድ ቅስቀሳ በኋላ ሲግናሉን (ኤኮውን) በተለያየ ጊዜ ደጋግሞ የሚለካ አነሳስ ነው፦ ከ10 እስከ 70 ሚሊሰከንድ በየ10 ሚሊሰከንዱ ሰባት ኤኮ፣ ቲአር (በሁለት ቅስቀሳዎች መካከል ያለው ጊዜ) 2,700 ሚሊሰከንድ፣ የቁራጩ ውፍረት 3 ሚሊሜትር። ካርቲሌጁ ራሱ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ቢወፍር ነው፤ ፒክሰሉ 0.4 ሚሊሜትር ከሆነ ከላይ እስከ ታች የሚገኘው ስድስት ገደማ ፒክሰል ብቻ ነው። በ3 ቴስላ (የማግኔቱ ጥንካሬ ነው) የስብና የውሃ ድግግሞሽ በ440 ኸርዝ ያህል ይለያያል። ባንድዊድዙ (ሲግናሉ የሚነበብበት የድግግሞሽ ስፋት) ለአንድ ፒክሰል 220 ኸርዝ ከሆነ የመቅኒው ስብ ሁለት ፒክሰል ተንሸራቶ ጥልቁን ንብርብር ሊሸፍነው ይችላል። ባንድዊድዙን አስፉ፤ ሲግናል መቀነሱ አይቀርም፣ ግን ያዋጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ስሌቱ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ኤኮ ጣሉት፦ ከሁለተኛው ጀምሮ ባሉት ላይ ስቲሙሌትድ ኤኮ (ፍጹም ካልሆኑ ፐልሶች የሚመጣ ተጨማሪ ሲግናል) ይደረብባቸዋል፣ በመጀመሪያው ላይ ግን የለም፤ አብሮ ከገባ ቲ2ን ያጋንናል። የኋለኞቹ ኤኮዎች ኖይዝ (የዘፈቀደ ረብሻ) ውስጥ ሲሰምጡም ሲግናሉ ወደ ዜሮ አይወርድምና ቲ2 ያለ አግባብ ይረዝማል። በሎጋሪዝም ቀጥተኛ መስመር ከማስመር ይልቅ የኖይዙን ደረጃ የሚያካትት ሞዴል ተጠቀሙ። ወሰኑን ስታሰምሩ የመገጣጠሚያውን ፈሳሽ አስወጡ፤ ቲ2ው ብዙ መቶ ሚሊሰከንድ ስለሆነ ጥቂት ፒክሰል እንኳ የላይኛውን ንብርብር አማካይ ያዛባል።

ለአኪለስ ጅማት ይህ አሠራር አይሆንም። የጅማቱ ቲ2 ስታር (የመስኩ ወጣ ገባነትም የሚያሳጥረው ቲ2) ከ1 እስከ 2 ሚሊሰከንድ አካባቢ ስለሆነ በ10 ሚሊሰከንድ ምስሉ ጥቁር ነው። ከ0.1 ሚሊሰከንድ በታች በሆነ ኤኮ የሚጀምር ዩቲኢ (እጅግ አጭር የኤኮ ጊዜ ያለው አነሳስ) ያስፈልጋል።

ጥናቱን ከመክፈታችሁ በፊት ጥቂት ሰዎችን ሁለት ሁለት ጊዜ አንሱ፤ በመሃሉ ከአልጋው ወርደው እንደገና ይተኙ። በሁለቱ መካከል ከሚታየው ልዩነት ያነሰውን በሽታ ብላችሁ አትዘግቡ። 2፣ 3 እና 4 በመቶ አጋሮዝ (ለማሽኑ መፈተሻ የሚሆን ጄል) በሦስት ጠርሙስ አዘጋጅታችሁ ሙቀቱን እየመዘገባችሁ በየሳምንቱ ለኩ፤ የማሽኑ ሶፍትዌር ሲታደስ ደግሞ በፊትም በኋላም።