«አይበላሽም» የሚባለው መኪና፦ ኤም 35ን ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአሜሪካ ጦር ኤም 35 የተባለውን የጭነት መኪና አገልግሎት ላይ ማዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ሪዮ የተባለው ኩባንያ የነደፈው ይህ መኪና ሦስቱም አክስሎቹ ኃይል አላቸው፤ ከመንገድ ውጪ ሁለት ቶን ተኩል እንዲጭን ታስቦም ተሠርቷል። ቬትናም ውስጥ በብዛት ያገለገለው ኤም 35 ኤ 2 የተባለው ሞዴሉ ዛሬ በጨረታ እየተሸጠ በትርፍ ጊዜያቸው መኪና በሚያድሱ ሰዎች ግቢ ውስጥ ይገኛል።

ስለዚህ መኪና ደጋግሞ የሚሰማው «የጦር መኪና ነው፤ አይበላሽም» የሚል ነገር ነው። ከዚህ እምነት የበለጠ ባለቤቶችን የጎዳ ስህተት አላውቅም። መኪናው ዓመታትን የተሻገረው ብረቱ ወፍራም ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሾፌሩ ከመነሳቱ በፊት፣ በጉዞ ላይና ከጉዞ በኋላ የሚፈትሸው ሁሉ በመመሪያ ተጽፎ ስለተሰጠውና በየጊዜው ስለተጠገነ ጭምር ነው። በጨረታ የሚሸጠው መኪናው ነው፤ ያ ሥርዓት አብሮ አይመጣም። መልሶ የሚተክለው ገዥው ነው።

ሰነዱን ሳያዩ መጫረት

የአሜሪካ መንግሥት ተሽከርካሪ ሲሸጥ ለገዥው የሚሰጠው ስታንዳርድ ፎርም 97 ሊብሬ ለማውጣት የሚያስችል ሰነድ ነው፤ ራሱ ሊብሬ አይደለም። «ከመንገድ ውጪ ብቻ» ተብሎ የሚሸጥም አለ። የግዛቶቹ ሕግ ስለሚለያይ የሚኖሩበት ግዛት ይህን መኪና ይመዘግብ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት መንጃ ፈቃድና ኢንሹራንስ እንደሚጠይቅ ከመጫረትዎ በፊት ይጠይቁ። ባዶውን ስድስት ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት ግቢ ውስጥ ካስገቡ በኋላ ሕግ መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ፍሬኑን እንደ ሌላ ከባድ መኪና ማመን

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ ከባድ መኪና የሚያሽከረክሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ይህ ስህተት ይበልጥ የሚያሰጋኝ ለእነርሱ ነው፤ የገዛ ልምዳቸው ሊያዘናጋቸው ይችላልና። ዘመናዊው ተሳቢ የሚቆመው በአየር ነው፤ አየሩ ካለቀ ስፕሪንጎች ፍሬኑን ይቆልፉና መኪናው ባለበት ይገተራል። ኤም 35 ኤ 2 ላይ ግን አየሩ የእግርዎን ጉልበት ያግዛል እንጂ ታምቡር ውስጥ ሸራውን የሚገፋው የፍሬን ዘይት ነው። ያውም በመጀመሪያው አሠራሩ ስድስቱንም ታምቡር የሚያዝዘው አንድ ማስተር ሲሊንደር (የፔዳሉን ግፊት ወደ ፍሬን ዘይቱ የሚያስተላልፈው ክፍል)፣ አንድ መስመር ነው። ከስድስቱ በአንዱ ጫፍ ላይ ያለች ያረጀች ቱቦ ከፈነዳች ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፤ ስድስቱም ፍሬን በአንድ ጊዜ ይጠፋል። አደጋውን ተረድቶ ራሱን የሚቆልፍ ስፕሪንግ የለውም።

የእጅ ፍሬኑም ቢሆን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ወደ ኋላ የሚሄደውን የካርዳን ዘንግ ነው። የተሠራው የቆመን መኪና ለመያዝ ነው፤ ቁልቁለት የሚወርድን ለማቆም አይደለም። ካርዳኑ ለጥገና ከተፈታ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ምንም አይይዝም፤ መኪናውን የሚያቆመው ጎማው ሥር የገባው ታኮ ብቻ ነው። ታኮ ሳያስገቡ ከመኪናው ሥር መግባት አይታሰብ።

ስለዚህ መኪናው ከግቢ ከመውጣቱ በፊት የፍሬን ቱቦዎቹ በሙሉ ይቀየሩ፤ የብረት ቱቦዎቹ ዝገት ይታይ፤ ስድስቱም ታምቡር ተከፍቶ ሲሊንደሮቹ ይፈተሹ። አሮጌ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ብናኙን በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ክልክል ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። አንዳንድ ባለቤቶች ማስተር ሲሊንደሩን ባለ ሁለት መስመር በሆነ ይተኩታል። የጥንቱ ይጠበቅ የሚሉ ሰዎች ይህን አይወዱትም። እኔ ግን ከሰው ጋር መንገድ ለሚጋራ መኪና ይህን ለውጥ ያለ ማመንታት እደግፋለሁ።

ስለ ዘይቱም አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተለመደው የግላይኮል ፍሬን ዘይት ዶት 5 ወደሚባለው የሲሊኮን ዘይት ተሸጋግሯል። የገዙት መኪና ውስጥ ከሁለቱ የትኛው እንዳለ ሳያውቁ መሙላት ትልቅ ስህተት ነው፤ ሁለቱ አይዋሃዱም። ዶት 5.1 የሚባለው ስሙ ቢቀራረብም ግላይኮል ነው፤ በዚህ የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸው። ለመለየት ጥቂት ዘይት በሲሪንጅ ከሰርባቶዮው ይሳቡና ውሃ ባለበት የመስታወት ብርጭቆ ውስጥ ጨምረው ያማስሉት። ግላይኮል ከሆነ ከውሃው ጋር አንድ ይሆናል። ሲሊኮን ከሆነ ተለይቶ ይቀመጣል። ዓይነቱን መቀየር ከፈለጉ አሮጌው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ መስመሩ ታጥቦና ላስቲኮቹ ተቀይረው መሆን አለበት።

ጎማውን አየሩ ሳይወጣ መፍታት

የዚህ መኪና ቸርኬ እንደ ቤት መኪና አንድ ወጥ አይደለም፤ ጎማውን በቦታው የሚይዘው ዙሪያውን የገባ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱን ጥርሱ ውስጥ አጥብቆ የሚይዘው ራሱ የአየሩ ግፊት ነው። ዝገት ከበላው ወይም በትክክል ካልተቀመጠ በሚነፋበት ጊዜ ይፈናጠራል፤ ሰውም ይገድላል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ጎማ በብረት ቀፎ ውስጥ አስገብተው እንዲነፉ ባወጣው ደንብ የሚያስገድደው ለዚህ ነው። ለግቢ ሥራም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ አይበቃም።

ዳዶውን ከመንካትዎ በፊት የቫልቩን ልብ አውጥተው አየሩ ፈጽሞ እስኪወጣ ይጠብቁ። ከዚያ ቀጭን ሽቦ አስገብተው ቀዳዳው አለመደፈኑን ያረጋግጡ፤ ፉጨቱ ቆመ ማለት አየሩ አለቀ ማለት አይደለም። ሲነፉ ረጅም ቱቦ ይጠቀሙ፤ ከቀለበቱ ፊት ለፊትም አይቁሙ። ባለ ቀለበት ቸርኬ የሚሠራ የጎማ ቤት በአቅራቢያዎ ካለ ለእርሱ መስጠት ብልህነት ነው።

በግራ በኩል ያሉት ዳዶዎች የሚፈቱት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የቁልፉን እጀታ እያስረዘመ ይታገልና ብሎኑን ይቆርጠዋል። ከኋላ ያሉት ጥንድ ጎማዎች ደግሞ ውስጠኛው በራሱ፣ ውጪኛውም በራሱ ዳዶ የታሰሩ ናቸው። የውጪውን ብቻ ማጥበቅ ውስጠኛው እየላላ እንዲሄድ መተው ነው፤ የውጪውን አንድ በአንድ እያላሉ የውስጡን ማጥበቅ ያስፈልጋል።

የጎማው ጥርስ አዲስ መስሎ መታየቱም አያታልልዎ። ብዙዎቹ ጥቂት ተነድተው ለዓመታት ፀሐይ ላይ የቆሙ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተመረተ ጎማ ጎኑ ላይ በአራት አኃዝ የሚያልቅ ምልክት አለው፤ 2304 ካለ በ2004 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተመርቷል ማለት ነው። ጎኑ በስንጥቅ ከተሞላ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር ይቀየር።

ሞተሩን ዝም ብሎ ማስነሳት

7.8 ሊትሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ናፍታም፣ የጄት ነዳጅም፣ ኬሮሲንም፣ ሲቸግር ቤንዚንም እንዲያቃጥል የተሠራ ነው። ይህን የሰሙ ሰዎች የተቃጠለ የሞተር ዘይትና ከየኩሽናው የተሰበሰበ የጥብስ ዘይት ይሞሉበታል። ብዙ ዓይነት ነዳጅ መቻል ነዳጅ ባጡበት የጦር ሜዳ ለመትረፍ የታሰበ ችሎታ ነው። ፊልትሮ የሚደፍን፣ ኖዝል የሚያቆሽሽ ነገር ለዘወትር ይጠጣል ማለት አይደለም። ንጹሕ ናፍታ ይበቃዋል።

ለዓመታት የቆመውን ማስነሳት የራሱ አደጋ አለው። ሞተሩ የሚጠፋው በቁልፍ ሳይሆን ከኢንጀክሽን ፖምፓው ነዳጅ በሚቆርጥ ካቦ ነው። ፖምፓው ውስጥ ነዳጁን የሚመጥነው ዘንግ በዝቃጭ ተጣብቆ ከሆነ ሞተሩ ሲነሳ ነዳጁን ማንም አይቆጣጠረውም፤ እየጮኸ ራሱን እስኪሰብር ይሽከረከራል። ስለዚህ መጀመሪያ አሮጌውን ነዳጅ ያውጡ፣ የማጥፊያው ካቦ ፖምፓው ላይ ያለውን ማንሻ በትክክል ማንቀሳቀሱን በዓይንዎ ይዩ። በመጀመሪያው ቀን የአየር ማስገቢያውን አፍ ሊሸፍን የሚችል ወፍራም ጣውላ የያዘ ሰው አጠገብዎ ይቁም። በእጅ መዳፍ ለመድፈን መሞከር ግን እጅ ያስቆርጣል።

ሞተሩ በደቂቃ ከ2600 ዙር በላይ እንዲሄድ አልተሠራም። ዳገት ላይ ፍጥነቱን የሚገድበው ክፍል ነዳጅ በመቀነስ ይጠብቀዋል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ስድስት ቶኑ ሞተሩን ሲገፋ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ወደ ታች ሲወርዱ ማርሽ የሚቀንሱት ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው።

ኤሌክትሪኩን እንደ ቤት መኪና መቁጠር

መኪናው ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተከታትለው የታሰሩበት ባለ 24 ቮልት ነው። ለሬዲዮ ወይም ለስልክ ቻርጅ ብሎ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት መሳብ አንዱን ሲያደርቅ ሌላውን ከመጠን በላይ ይሞላዋል፤ ሁለቱም ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መለወጫ ይግዙ። ሻንሲ ላይ ብየዳ ሲኖር ባትሪውን መንቀል እንዳይዘነጋ።

መመሪያውን ሳያነቡ ከወሬ መማር

ለዚህ መኪና ጦሩ ያሳተማቸው መመሪያዎች ዛሬም ይገኛሉ። ቲ.ኤም 9-2320-361-10 ለሾፌሩ፣ በ20 የሚያልቀው ደግሞ ለጥገና ክፍሉ የተጻፈ ነው። የቅባት ሠንጠረዡ ግራሶ የሚገባበትን ነጥብ ሁሉ በሥዕል ያሳያል። የአየር ጋኖቹን ውሃ ማውጣትን የመሰለ በደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ሳይቀር ተጽፏል፤ ይህን የሚተው ሰው ጋኑ ከውስጥ ሲዝግና በክረምት መስመሩ በበረዶ ሲደፈን ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተውና ሚዙሪ ግዛት ኢንዲፔንደንስ ከተማ የሚገኘው የወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ጥበቃ ማኅበርም ልምድ ያላቸውን ሰዎች ለማግኘት ጥሩ በር ነው።

በቀለም መጀመር

ቀለም የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ብዙዎች ግን በእርሱ ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ጦሩ የሚቀባው ኬሚካል የሚቋቋም ሽፋን ሲረጭ ሳንባን የሚጎዳ አይሶሳይኔት የተባለ ንጥረ ነገር ያወጣል። ከሥር ያሉት አሮጌ ሽፋኖች ደግሞ እርሳስና ክሮሚየም ሊኖራቸው ይችላል። ቀለሙን በደረቁ በመፋቂያ ማሽን ማቡነን ወይም ቀለም እንዳለበት መበየድ ይህን ሁሉ ወደ ሳንባ ማስገባት ነው። በውሃ እያራሱ፣ ተገቢውን የመተንፈሻ ጭንብል አድርገው፣ ልጆች በሌሉበት ይሥሩ፤ እጣቢውንም ጓሮ ውስጥ አይድፉት።

በቀስታ በውሃ ሲፋቅ ከላይኛው ቀለም ሥር የመኪናው ታሪክ ሊወጣ ይችላል፦ በር ላይ የነበረ ነጭ ኮከብ፣ ኮፈን ላይ የተጻፈ የምዝገባ ቁጥር፣ መከላከያው ላይ የነበረ የክፍለ ጦር ምልክት። በችኮላ እስከ ብረቱ መግፈፍ ይህን ለዘላለም ያጠፋዋል። ፊደል ብቅ ሲል ያቁሙ። አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠው ፎቶግራፍ ያንሱት፣ በስስ ወረቀት ልኩን ይቅዱት፣ ከመሬት ያለውን ከፍታ ይመዝግቡ። ጋቢና ውስጥ ያሉትን የብረት መረጃ ሰሌዳዎችም አይንቀሏቸው፤ የምርት ቁጥሩንና የርክክቡን ቀን የያዙት እነርሱ ናቸው። በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው ዙሪያቸውን ይቀቡ።