የወንዝን ፍሰት ከሳተላይት መረጃ እንዴት ማስላት ይቻላል?

ሳተላይት ፍሰትን በቀጥታ አይለካም። የሚያየው የውሃውን ከፍታ፣ ስፋትና ቁልቁለት ነው፤ ጥልቀቱን አያይም። ከባዱ ሥራ ይህን ክፍተት መሙላት ነው።

መጀመሪያ ቦታ ይምረጡ። ናሳና የፈረንሳይ የጠፈር ኤጀንሲ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ያመጠቁት ስዎት የተባለው ባለ ራዳር ሳተላይት በተለይ ከ100 ሜትር በላይ ስፋት ላላቸው ወንዞች የተሠራ ነው። ከጋምቤላ ከተማ በታች ሜዳ ላይ የሚፈሰው ባሮ ይመቻል፤ የዓባይ ሸለቆ ግን ገደሉ የራዳሩን ምላሽ ያዛባል። ድልድይ፣ ግድብና የወንዝ መጋጠሚያ ያለበትን ቦታ ይተዉ። ራዳር ደመናን አልፎ ስለሚያይ የክረምት ደመና ችግር አይሆንም።

ቀጥሎ ሃይድሮክሮን ከተባለው የናሳ አገልግሎት መረጃውን በነፃ ያውርዱ። ወንዞች 10 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆኑ ክፍሎች ተከፋፍለዋል፤ የእርስዎን ክፍል መለያ ቁጥር ያስገቡ። የጥራት ምልክቱ 0 የሆነው ጥሩ፣ 1 አጠራጣሪ፣ 3 መጥፎ ነው። በብዙ ዘጠኞች የተሞላ አሉታዊ ቁጥር ካዩ ልኬት የለም ማለት ነውና ይሰርዙት፤ ካልሰረዙት አማካዩን ሁሉ ያበላሻል።

በአቅራቢያው የመለኪያ ጣቢያ ካለ፣ ሳተላይቱ ባለፈበት ቀን የተመዘገበውን ፍሰት ከከፍታው ጋር ያጣምሩ። ከበጋ እስከ ክረምት የተሰበሰቡ 15 ያህል ጥንዶች ይኑሩዎት፤ የበጋ ብቻ ከሆኑ ጎርፉን አይገምቱም። ከዚያ በኤክሴል ይህን ያስሉ፦

ፍሰት = ሀ × (ከፍታ − መነሻ)^ለ

ሀ እና ለ ከጥንዶቹ ጋር እንዲስማሙ ተደርገው የሚገኙ ቋሚ ቁጥሮች ናቸው፤ መነሻው ፍሰት ዜሮ የሚሆንበት ከፍታ ነው። የጣቢያው ዜሮና የሳተላይቱ ዜሮ ስለሚለያዩ የአንዱን ለሌላው አይጠቀሙ።

ጣቢያ ከሌለ ፍሰትን ከስፋት፣ ከጥልቀት፣ ከቁልቁለትና ከወለል ሻካራነት የሚያሰላው የማኒንግ ቀመር አለ። ስፋቱ 150 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 3 ሜትር፣ ቁልቁለቱ በኪሎ ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር፣ የወለሉ ሻካራነት 0.03 ቢሆን ፍሰቱ በሰከንድ 312 ሜትር ኩብ ይሆናል። ጥልቀቱ በእርግጥ 2 ሜትር ከሆነ ግን 159 ብቻ ነው። በአንድ ሜትር ስህተት ግማሹ ጠፋ! ስለዚህ በበጋ በጀልባ ወጥቶ ጥልቀቱን አንዴ መለካት ከማንኛውም የኮምፒውተር ማስተካከያ ይበልጣል።

ስዎት አብዛኛውን ቦታ በ21 ቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ስለሚያይ ድንገተኛ ጎርፍ ያመልጠዋል። ጎርፍ ሲጨምር ቁልቁለቱ ስለሚበረታ፣ በአንድ ዓይነት ከፍታ ሲሞላ የሚያልፈው ውሃ ሲጎድል ከሚያልፈው ይበልጣል። ደለልም ወለሉን ይቀይራልና ከየክረምቱ በኋላ ጥንዶቹን እንደገና ያነፃፅሩ።